የአንባብያን ጥያቄዎች፦ ለመጀመሪያዋ ሮቦት ዕቃ ስንገዛ

በዚህ እትም ያስተናገድናቸው ጥያቄዎች በሁለት ጎማ የምትሄድ፣ ዕንቅፋት የምትሸሽ ወይም መስመር የምትከተል ትንሽ ሮቦት ለመሥራት ዕቃ መሰብሰብ ከጀመሩ አንባብያን የመጡ ናቸው። አብዛኞቹ የሚጠይቁት ስለ ቦርድና ስለ ሴንሰር ነው። መልሳችን ግን ደጋግሞ ወደ ባትሪ፣ ወደ ሞተርና በሁለቱ መካከል ወዳለው ድራይቨር፣ ማለትም በቦርዱ ትእዛዝ ለሞተሩ ኃይል ወደሚያሳልፈው ሰሌዳ፣ ይመለሳል፤ የጀማሪ ገንዘብ የሚባክነው እዚያ ነውና።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያዬን ሮቦት ልሠራ ነው። ሁሉ ነገር የተሟላለት ኪት ልግዛ ወይስ ዕቃውን ለየብቻ ላሰባስብ? ቢያንስ ምን ምን ይበቃኛል? (ተማሪ)

መልስ፦ አካሉን በኪት፣ ኤሌክትሮኒክሱን ለየብቻ ግዛ። የሮቦት መኪና አካል ተብሎ የሚሸጠው ኪት ብዙውን ጊዜ የፕላስቲክ ሳህን፣ ሁለት ቢጫ ባለማርሽ ሞተሮች፣ ዲያሜትራቸው 65 ሚሊሜትር የሆነ ሁለት ጎማዎች፣ በየአቅጣጫው የምትዞር አንዲት ደጋፊ ጎማ፣ ብሎንና ዳዶ፣ እንዲሁም የባትሪ መያዣ ይዞ ይመጣል። እነዚህን አንድ በአንድ ብትገዛ ዋጋው ይበልጣል፤ ቀዳዳዎቹም ከሞተሩ ጋር ላይገጥሙ ይችላሉ። 37 ዓይነት ሴንሰር የታጨቀበትን ሣጥን ግን ተወው። የመጀመሪያዋ ሮቦት ከዚያ ውስጥ የምትጠቀመው ሁለት ቢበዛ ሦስት ነው፤ በጣም የሚያስፈልጉህ ባትሪ፣ ድራይቨርና መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ደግሞ እዚያ ውስጥ አይገኙም።

ለየብቻ የምትገዛው ይኸውልህ። አንድ አርዱዊኖ ኡኖ ወይም ናኖ ቦርድ፣ ማለትም ፕሮግራምህ የሚጫንበት የሮቦቷ አንጎል። ቲቢ6612 የሚባለው የሞተር ድራይቨር፣ ከተቻለ ሁለት፤ አንዱ በስህተት ሽቦ ሲቃጠል ሥራህ እንዳይቆም። ዳግም የሚሞሉ ስድስት የኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ባትሪዎች በተለመደው የእጅ ባትሪ ድንጋይ መጠን (ድርብ ኤ)፣ አቅማቸው 2000 ሚሊአምፔር ሰዓት አካባቢ፣ ከስድስት ባትሪ መያዣና ከራሳቸው ቻርጀር ጋር። አንድ የአልትራሳውንድ ርቀት መለኪያ። 400 ቀዳዳ ያለው ብሬድቦርድ (ሳይበየድ ሽቦ የሚሰካበት ሰሌዳ)። ሃያ ወንድ ለወንድ፣ ሃያ ወንድ ለሴት መሰኪያ ሽቦ። አንድ ማብሪያ ማጥፊያ። 100 ናኖፋራድ የሆኑ ሁለት የሴራሚክ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያከማቹ)፣ 470 ማይክሮፋራድና 16 ቮልት የሆነ አንድ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር። በመጨረሻ መልቲሜትር፤ ከሁሉ ርካሹ ይበቃል፤ ግን አይቅር። ከዚህ በታች የምናነሳቸውን ችግሮች ሁሉ በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሚያሳይህ እሱ ነው።

ባለ አራት ሞተር አካል ሲያዩት ያጓጓል፤ ለጀማሪ ግን አንመክረውም። ሲታጠፍ ጎማዎቹ ሁሉ ወደ ጎን እየፋቁ መንሸራተት ስላለባቸው ብዙ ከረንት ይጠይቃል። ድራይቨሩም ባትሪውም በዚያው ልክ መተለቅ ሊኖርባቸው ነው። በሁለት ሞተር የሚማሩት ትምህርት ያው ነው።

ጥያቄ፦ በ9 ቮልት ባትሪ ነው የምሠራው። ፕሮግራሙ በዩኤስቢ ሲሆን በትክክል ይሠራል። ባትሪው ላይ ስሰካው ሮቦቷ አንድ ጊዜ ትንቀጠቀጥና የቦርዱ መብራት ጠፍቶ እንደገና ይበራል። ቦርዱ ተበላሽቶ ነው? ሌላ ልግዛ?

መልስ፦ ቦርዱ ደህና ነው፤ ሌላ አትግዛ። ችግሩ ባትሪው ነው። አራት ማዕዘኑ የ9 ቮልት ባትሪ ውስጡ ስድስት ጥቃቅን ሴሎች ተደርድረውበታል። እንደ ጭስ ጠቋሚና እንደ መልቲሜትር ላሉ ጥቂት ሚሊአምፔር ብቻ ለሚስቡ መሣሪያዎች የተሠራ ነው። አቅሙ በቀስታ ሲሳብ 500 ሚሊአምፔር ሰዓት አካባቢ ሲሆን፣ የውስጥ ሬዚስታንሱ (ከረንትን የሚያግድበት መጠን) ደግሞ ከፍተኛ ነው፤ አዲስ እንኳ ሆኖ ከ1 እስከ 2 ኦም ይደርሳል። ሲያረጅ ይብሳል።

አሁን ሞተሩን እንይ። ቢጫው ባለማርሽ ሞተር በነፃ ሲዞር የሚስበው ከ200 ሚሊአምፔር በታች ነው። ነገር ግን ማንኛውም የዚህ ዓይነት ሞተር ከቆመበት ሲነሳ ለቅጽበት የሚስበው ከረንት ጎማው ታንቆ ሲቆም ከሚስበው ጋር እኩል ነው፤ ለዚህ ሞተር ወደ 1 አምፔር ገደማ። ሁለት ሞተር በአንድ ጊዜ ሲነሳ 2 አምፔር ይሆናል። 2 አምፔር በ1.5 ኦም ሲያልፍ 3 ቮልት ባትሪው ውስጥ ይቀራል፤ ያረጀ ከሆነማ ከዚያም በላይ። ቦርዱ የሚደርሰው ቮልቴጅ ለአፍታ ይወድቅና ማይክሮኮንትሮለሩ ራሱን እንደገና ያስጀምራል። ሲነሳ ፕሮግራሙ እንደገና ሞተሩን አብራ ይላል፤ እንደገና ይወድቃል። ያየኸው መንቀጥቀጥ ይህ ነው።

ለማረጋገጥ መልቲሜትሩን በቀጥታ ቮልት (ዲሲ) 20 ላይ አድርግና ጫፎቹን ባትሪው ላይ ይዘህ ሮቦቷን አብራ። ንባቡ ሞተሩ ሲነሳ ከ9 ወደ 6 ወይም ወደ 5 ሲወርድ ካየህ ጉዳዩ አለቀ። መልቲሜትር ቀርፋፋ ስለሆነ እውነተኛው መውደቅ ከምታየው ይብሳል።

መፍትሔው ከላይ የጠቀስናቸው ስድስት ዳግም ተሞይ ባትሪዎች ናቸው። እያንዳንዳቸው 1.2 ቮልት ስለሆኑ ስድስቱ በተከታታይ 7.2 ቮልት ይሰጣሉ። ለኡኖ ቦርድ «ቪን» ለተባለው የኃይል መግቢያ የሚመከረው ከ7 እስከ 12 ቮልት ነውና በትክክል ይገጥማል። 2 አምፔር ለእነሱ ከባድ ሸክም አይደለም። ሞተሩ ለ6 ቮልት የተሠራ ስለሆነ ፍጥነቱን በፕሮግራም መገደብ አለብህ፤ በፕሮግራሙ ሙሉ ፍጥነት የሚጻፈው 255 ተብሎ ነው፤ 6 ለ7.2 ሲካፈል 0.83 ስለሚሆን 210 አካባቢ ላይ አቁም። 470 ማይክሮፋራዱን ካፓሲተር ድራይቨሩ አጠገብ በሞተር ኃይሉ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ መካከል ግጠመው። ረጅሙ እግር ፖዘቲቭ ነው፤ ቢገለበጥ ይፈነዳል። ሁለቱን ትናንሽ ሴራሚኮች በየሞተሩ ሁለት ጆሮዎች መካከል በየዳቸው፤ ሞተሩ የሚረጨውን የኤሌክትሪክ ጩኸት ይውጣሉ።

ሞተሩን ከባትሪ፣ ቦርዱን ከፓወር ባንክ ማንቀሳቀስም ይቻላል። ሁለት ነገር ብቻ አትርሳ። የሁለቱ ኔጌቲቭ መገናኘት አለበት፤ ካልተገናኘ ድራይቨሩ ከቦርዱ የሚመጣውን ምልክት ማንበብ አይችልም። ሌላው፣ ብዙ ፓወር ባንኮች የሚሳበው ከረንት ጥቂት ሲሆን ስልኩ ሞልቷል ብለው ራሳቸውን ያጠፋሉ። ኡኖ ብቻውን የሚስበው 50 ሚሊአምፔር አካባቢ ስለሆነ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ቢጠፋብህ ምክንያቱ ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ሻጩ «ይሄ ጠንካራው ነው፣ 2 አምፔር ይችላል» ብሎ ኤል298ኤን ድራይቨር ሸጠልኝ። ባትሪዬ አራት ዳግም ተሞይ ነው። ሞተሮቹ እዝዝዝ ይላሉ እንጂ አይዞሩም። በእጄ ስገፋቸው ግን ይሄዳሉ። ሞተሮቹ ደካማ ናቸው ማለት ነው?

መልስ፦ ሻጩ ስለ አምፔሩ አልዋሸም። ያልነገረህ ስለ ቮልቱ ነው። ኤል298ኤን የቆየ ንድፍ ነው። ከረንቱን የሚያሳልፈው በሁለት ጥንድ ትራንዚስተሮች በኩል ስለሆነ በመንገድ ላይ ቮልት ይበላል፤ በ1 አምፔር ከ1.8 እስከ 3.2 ቮልት። ጥቁሩ የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣ የተገጠመለት ለዚህ ነው፤ የተበላው ኃይል ሙቀት ሆኖ መውጣት አለበት።

ስሌቱን ባንተ ባትሪ እንሥራው። አራት ዳግም ተሞይ 4.8 ቮልት ነው። ከዚያ 2 ቮልት ሲቀነስ ለሞተሩ 2.8 ቮልት ይተርፋል። ፍጥነቱን በፕሮግራም ግማሽ ካደረግኸው ደግሞ አማካዩ 1.4 ቮልት ገደማ ይሆናል። ሞተሩ የተሠራው ከ3 እስከ 6 ቮልት ነው። እዝዝታው ሞተሩ ለመነሳት የሚያስፈልገውን ኃይል አጥቶ ሲታገል የሚወጣ ድምፅ ነው፤ በእጅህ ስትገፋው የመነሻውን ግጭት አንተ ስላለፍክለት ይቀጥላል። በዚህ ሁኔታ ብዙ አታቆየው፤ የቆመ ሞተር ይሞቃል።

ቲቢ6612 በዘመናዊ ሞስፌት ትራንዚስተር የሚሠራ ስለሆነ ሬዚስታንሱ ግማሽ ኦም አካባቢ ነው። 300 ሚሊአምፔር ሲያልፍበት የሚጠፋው 0.15 ቮልት ብቻ ነው። በየሞተሩ ያለማቋረጥ 1.2 አምፔር፣ ለቅጽበት እስከ 3.2 አምፔር ይሸከማል፤ ለአንድ ቢጫ ሞተር በቂ ነው። በአንድ መውጫ ሁለት ሞተር ካንጠለጠልክበት ግን ሲታነቁ አቅሙን ያልፋሉ። «ኤስቲቢዋይ» የተጻፈበትን እግር (ፒን) ከ5 ቮልት ጋር ማገናኘት አይዘንጋህ። ያ እግር ባዶ ከቀረ ድራይቨሩ ተኝቶ ይቀራል፤ ብዙ ጀማሪ ተቃጥሏል ብሎ የሚጥለው በዚህ ነው።

የገዛኸውን ኤል298ኤን መጣል ሳያስፈልግህ ልትጠቀምበትም ትችላለህ። የባትሪህን ቮልት ወደ 7.2 ወይም 8 ከፍ ብታደርገው የሚበላውን በልቶ ለሞተሩ 5 እና 6 ቮልት ያሳልፋል፤ ከከፍተኛ ቮልት ባትሪ ጋር ተስማሚ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ባትሪው ከ7 ቮልት በታች ሲሆን ግን በላዩ ካለው የ5 ቮልት መውጫ ቦርድህን አትመግበው። ውስጡ ያለው ተቆጣጣሪ 5 ቮልት ለማውጣት ወደ 7 ቮልት መግባት አለበት።

ጥያቄ፦ ልጄ 18650 የሚባለውን ሊቲየም ባትሪ ግዛልኝ ብሎኛል። 9900 የተጻፈበትም 2600 የተጻፈበትም አለ፤ ትልቁ ቁጥር ያለው ደግሞ ይረክሳል። የቱን ልግዛለት? አደጋስ የለውም? (የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አባት)

መልስ፦ 9900 የተጻፈበትን አይግዙ። 18650 ማለት 18 ሚሊሜትር ውፍረትና 65 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ሴል ነው። በዚህ መጠን ውስጥ በገበያ በብዛት የሚገኙት ጥሩ ሴሎች አቅም ጣሪያው 3500 ሚሊአምፔር ሰዓት አካባቢ ነው። ከዚያ እጅግ የራቀ ቁጥር የተጻፈበት መለያው ላይ ብቻ ነው፤ ውስጡ ብዙውን ጊዜ ከአሮጌ ዕቃ የወጣ ወይም የተጣለ ሴል ነው። የኩሽና ሚዛን ካለዎት ይመዝኑት። ጤናማ 18650 ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል። 30 ግራም ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ሻጩ የሚለውን ሁሉ ይተዉት። የላይኛው ፕላስቲክ የተቀደደ፣ ጫፉ የጎደጎደ ወይም የዛገ፣ ገና ሲገዛ ከ2.5 ቮልት በታች የሚያነብ ሴልም አይወሰድም።

አደጋውን በግልጽ እንንገርዎ። ሊቲየም ሴል ሽቦው ሾርት ካደረገ ብዙ አስር አምፔር ሊለቅ ይችላል፤ ሽቦ ያግላል፣ እሳት ያስነሳል። ከ4.2 ቮልት በላይ ሲሞላ ወይም ከ2.5 ቮልት በታች ባዶ ሲሆን ይበላሻል፤ የተበላሸን ሴል እንደገና መሙላት ደግሞ አደገኛ ነው። ጀማሪ ሽቦ ማሳሳቱ የማይቀር ነው። ስለዚህ ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የመጀመሪያ ሮቦት የእኛ ምክር ኒኬል ሜታል ሃይድራይዱ ነው። እሱም ሾርት ሲያደርግ ይግላል እንጂ እንደ ሊቲየሙ በቀላሉ እሳት አይለቅም፤ ቻርጀሩም በየቦታው ይገኛል። ሮቦቷ ትንሽ ትከብዳለች፤ ይህ ጉዳት አይደለም።

ልጁ በሽቦ ሥራ ከተለማመደ በኋላ ወደ 18650 መሄድ ከፈለገ ይህን ያሟሉ። ሁለት አንድ ዓይነት ሴሎችን አብረው ይግዙ፤ አዲስና አሮጌ አይደባለቁ። በባትሪውና በማብሪያው መካከል 3 አምፔር ፊውዝ ይግባ። ቲፒ4056 የሚባለው ትንሽ የመሙያ ቦርድ ለአንድ ሴል ብቻ የተሠራ ነው፤ ሁለቱ በተከታታይ እንደታሰሩ በእሱ መሙላት አይቻልም። ሴሎቹን አውጥቶ 18650 ተብሎ በተሠራ ባለ ሁለት ቦታ ቻርጀር መሙላት ለጀማሪ የሚሻለው ነው። የመከላከያ ሰሌዳ የተገጠመለትን ሴል ከመረጡ ርዝመቱ ከ65 ሚሊሜትር ስለሚበልጥ በመያዣው ውስጥ መግባቱን ሳያረጋግጡ አይክፈሉ። ሲሞላ ሰው ባለበት፣ ከመጋረጃና ከፍራሽ ርቆ ይሁን።

ጥያቄ፦ ዋናው አርዱዊኖ ውድ ነው። ተመሳሳዩ በጣም ርካሽ ነው። ተመሳሳዩን ገዛሁና ኮምፒዩተሬ አላውቀውም አለኝ። ተታልዬ ይሆን? (ጀማሪ፣ ሴት)

መልስ፦ አልተታለልሽም። የኡኖ ንድፍ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ሌላ ፋብሪካ ማምረቱ ሕጋዊ ነው፤ የተከለከለው ስሙንና አርማውን መጠቀም ነው። ለመጀመሪያ ሮቦት ተመሳሳዩ በቂ ነው።

ኮምፒዩተሩ ያላወቀው ከሦስት ነገር በአንዱ ነው። መጀመሪያ ገመዱን ቀይሪ። ብዙ የዩኤስቢ ገመዶች ስልክ ለመሙላት ብቻ የተሠሩ ስለሆኑ የመረጃ ሽቦዎቹ የሏቸውም። የቦርዱ መብራት ይበራል፤ ኮምፒዩተሩ ግን ምንም አያይም። ፋይል ከስልክ ወደ ኮምፒዩተር ማዛወር የሚችል ገመድ ከሆነ ይሠራል። ገመዱ ደህና ከሆነ ሁለተኛው ሲኤች340 ለሚባለው አይሲ የሚያስፈልገው ሾፌር ሶፍትዌር ነው። ርካሾቹ ቦርዶች ከዩኤስቢ ጋር የሚነጋገሩት በብዛት በእሱ ነው፤ ሶፍትዌሩ ከተጫነ በኋላ የፖርቱ ቁጥር ብቅ ይላል። ሦስተኛው የናኖ ጉዳይ ነው። ፖርቱ እየታየ ፕሮግራሙ አልጫን ካለ፣ በአርዱዊኖ ሶፍትዌር ማውጫ ውስጥ ፕሮሰሰር በሚለው ሥር ያለውን የአሮጌ ቡትሎደር (ፕሮግራምሽን ተቀብሎ የሚጭን በቦርዱ ላይ ያለ ትንሽ ፕሮግራም) ምርጫ ውሰጂ፤ ብዙ ርካሽ ናኖዎች አሮጌው ተጭኖባቸው ነው የሚመጡት።

ሌላ ነገር ከመጠርጠርሽ በፊት እግር 0 እና 1 ላይ የተሰካ ነገር ካለ ንቀይ። ፕሮግራም የሚጫነው በእነዚያ ነው፤ የብሉቱዝ ሞጁል ተሰክቶባቸው ከቀረ መጫኑ ይከሽፋል።

ጥያቄ፦ ሮቦቴ በደንብ ትሄድ ነበር። ርቀት መለኪያውን ግራና ቀኝ የሚያዞር ኤስጂ90 ሰርቮ (ወደ ታዘዘው ማዕዘን የሚዞር ትንሽ ሞተር) ከጨመርኩ ወዲህ አንደኛው ጎማ ፍጥነቱን መቀነስ እምቢ አለ፤ ወይ ሙሉ ይዞራል ወይ ይቆማል። አዲስ ድራይቨር ልግዛ?

መልስ፦ አትግዛ። የፍጥነት ሽቦህን ያለበትን እግር ተመልከት፤ 9 ወይም 10 ላይ ነው። በኡኖና በናኖ ላይ የአርዱዊኖ ሰርቮ ላይብረሪ (ሰርቮውን የሚያዝ ዝግጁ ፕሮግራም) የሚጠቀመው ታይመር አንድ የተባለውን የቦርዱን ጊዜ ቆጣሪ ነው። የእግር 9 እና 10 የፍጥነት መቆጣጠሪያ ምልክት የሚወጣው ከዚያው ታይመር ስለሆነ፣ ሰርቮው ሲጀምር ሁለቱ እግሮች ከማብራትና ከማጥፋት ሌላ ምንም አይችሉም፤ ሰርቮው የተሰካው በሌላ እግር ላይ ቢሆንም እንኳ። የሁለቱን ሞተሮች የፍጥነት ሽቦ ወደ 5 እና 6 አዛውር፤ ፕሮግራሙ ውስጥ ያሉትንም ቁጥሮች ቀይር። 3 እና 11 ላይም ይሠራል፤ ግን በኋላ ድምፅ ማሰማት ከፈለግህ «ቶን» የሚለው ትእዛዝ እነዚያን ሁለቱን ይረብሻል።

ሰርቮውን ከቦርዱ የ5 ቮልት እግር እየመገብከው ከሆነ ያንንም ቀይር። 9 ግራም ብትሆንም ስትታገድ ከግማሽ አምፔር በላይ ትስባለች። ከባትሪው ወደ 5 ቮልት የሚያወርድ ትንሽ መቀነሻ ሞጁል፣ ለምሳሌ ኤልኤም2596 ወይም ኤምፒ1584፣ ለብቻዋ ስጣት። ሞጁሉ ከፋብሪካ ሲመጣ በምን ያህል ቮልት እንደተስተካከለ አይታወቅም። ስለዚህ ምንም ሳይሰካበት ባትሪውን ብቻ አገናኝተህ፣ መልቲሜትሩን መውጫው ላይ ይዘህ፣ ትንሿን ብሎን በካቻቢቴ እያዞርክ 5.0 ቮልት ላይ አምጣው፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ሰርቮውን ሰካ። የኤልኤም2596 ሞጁል ብሎን ብዙ ዙር ያላት ስለሆነች ለውጥ ለማየት አሥር ጊዜና ከዚያም በላይ ልታዞራት ትችላለህ፤ አትቸኩል።

ጥያቄ፦ ዋይፋይ ስላለው ኢኤስፒ32 የሚባለውን ቦርድ ገዛሁ። ኤችሲ-ኤስአር04 የርቀት ሴንሰሩ አብሮት ይሠራል? (ተማሪ)

መልስ፦ ይሠራል፤ ግን በቀጥታ አታገናኘው። ሴንሰሩ በ5 ቮልት ነው የሚሠራው፤ «ኢኮ» ከሚለው እግሩ የሚወጣውም 5 ቮልት ነው። የኢኤስፒ32 እግሮች የተሠሩት ለ3.3 ቮልት ስለሆነ ቀስ በቀስ ወይም በአንዴ ይጎዳሉ። ሁለት ሬዚስተር ይበቃል። 1 ኪሎኦሙን በኢኮና በቦርዱ እግር መካከል፣ 2 ኪሎኦሙን በዚያው እግርና በኔጌቲቭ መካከል ግጠም፤ 5 ቮልቱ ወደ 3.3 ይወርዳል። 2 ኪሎኦም ካጣህ ሁለት 1 ኪሎኦሞችን በተከታታይ አስራቸው። ከ34 እስከ 39 ያሉት እግሮች መረጃ ማስገባት ብቻ ስለሚችሉ ኢኮን እዚያ ማድረግ ትችላለህ፤ የሞተር ሽቦ ግን እዚያ ሰክተህ ጎማው ለምን አልዞረም እንዳትል።

ስለ ሴንሰሩ ራሱ፦ የሚሰማው ከ2 ሴንቲሜትር እስከ 4 ሜትር ነው ይባላል። ለሮቦት የሚያስተማምነው ግን እስከ 2 ሜትር ያለው ነው ብለህ ፕሮግራምህን ጻፍ። የ40 ኪሎኸርዝ ድምፅ ልኮ ነጥሮ የሚመለስበትን ጊዜ ይለካል፤ ማይክሮሰከንዱን ለ58 ስታካፍለው ርቀቱን በሴንቲሜትር ታገኛለህ። መጋረጃና ወፍራም ልብስ ድምፁን ስለሚውጡት ላያያቸው ይችላል። ግድግዳውን በሰያፍ ከቀረበው ደግሞ ድምፁ ወደ ሌላ አቅጣጫ ነጥሮ ይሄድና ባዶ ሜዳ ያለ ይመስለዋል። አንድ ንባብ ብቻ አይተህ አትወስን። በ60 ሚሊሰከንድ ልዩነት ሦስት ጊዜ ለካና የመካከለኛውን ዋጋ ውሰድ፤ ሮቦቷ ያለ ምክንያት መደንገጥ ታቆማለች።

ጥያቄ፦ መስመር የሚከተል ሮቦት ላይ ስንት ሴንሰር ልግዛ? ሁለት ገዝቼ ነበር፤ ሁልጊዜ ጥቁር ነው ይሉኛል።

መልስ፦ ለመጀመር ሁለት ይበቃል፤ አምስት በአንድ ሰሌዳ የተደረደሩበት ደግሞ በኋላ ፍጥነት ስትፈልግ ይጠቅማል። ሁልጊዜ ጥቁር የሚሉህ ከመሬቱ ስለራቁ ነው። ቲሲአርቲ5000 የሚባለው የኢንፍራሬድ ሴንሰር ከሁሉ በላይ አጥርቶ የሚያየው 2.5 ሚሊሜትር ርቀት ላይ ነው፤ ከ15 ሚሊሜትር በኋላ የሚመለስለት ብርሃን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከ3 እስከ 8 ሚሊሜትር ባለው ከፍታ እሰረው። ከዚያ እያንዳንዱን ሴንሰር አንዴ ነጭ ወረቀት ላይ፣ አንዴ ጥቁር ናስትሮ ላይ አድርገህ በሞጁሉ ላይ ያለችውን ሰማያዊ ማስተካከያ በካቻቢቴ ቀስ እያልክ አዙር፤ መብራቱ በነጭ ላይ የሚቀየርበትንና በጥቁር ላይ የሚቀየርበትን ነጥብ ፈልገህ መካከላቸው ላይ ተው። ይህን ሮቦቷ በምትሮጥበት ቦታ ብርሃን ሥር አድርገው። የፀሐይ ብርሃን ኢንፍራሬድ ስላለበት በመስኮት አጠገብ የተስተካከለው ጥላ ውስጥ ይሳሳታል። የሚያብለጨልጭ ጥቁር ናስትሮም እንደ ነጭ ሊነበብ ይችላል፤ ደብዛዛውን ምረጥ።

ጥያቄ፦ ገንዘብ ለመቆጠብ በየትኛው ዕቃ ላይ ርካሹን መግዛት የለብኝም?

መልስ፦ በሽቦ፣ በባትሪ መያዣና በማብሪያ ማጥፊያ ላይ። ርካሽ መሰኪያ ሽቦ ውስጡ መዳብ የተቀባ ብረት ሊሆን ይችላል፤ ማግኔት ካስጠጋህበትና ከሳበው የሞተር ከረንት አታሳልፍበት። ለሴንሰር ምልክት ግን ምንም አይልም። ከባትሪ ወደ ድራይቨር፣ ከድራይቨር ወደ ሞተር የሚሄደው ወፍራም ባለ ብዙ ክር የመዳብ ሽቦ ይሁን፤ ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ ቆርጠህ ማውጣት ትችላለህ። ብሬድቦርዱንም የሞተር ከረንት መንገድ አታድርገው፤ ውስጡ ያሉት ቀጫጭን ምላሶች ከ1 አምፔር በላይ ሲያልፍባቸው ይግላሉ፣ ይላላሉ። የባትሪ መያዣ ምንጭ የላላ ከሆነ ሮቦቷ ጉብታ ባገኘች ቁጥር ትጠፋለች፤ ሰው ግን ፕሮግራሙን ይወቅሳል። ቦርዱ፣ ሴንሰሩና የፕላስቲክ አካሉ ርካሽ ቢሆኑ ግድ የለም። አካሉንማ ከ3 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ ቆርጠህ ብትሠራው ከፕላስቲኩ ይጠነክራል።

ጥያቄ፦ ከተበላሸ ፕሪንተርና ከሲዲ ማጫወቻ ሞተር አውጥቼ መጠቀም እችላለሁ? እንዴት ነው የሚያስፈልገውን ድራይቨር የማውቀው?

መልስ፦ ትችላለህ፤ ገንዘብ ለሌለው ሰው ከዚህ የተሻለ መደብር የለም። መጀመሪያ ሽቦውን ቁጠር። ሁለት ሽቦ ያለው ቀጥታ ሞተር ነው። አራት፣ አምስት ወይም ስድስት ሽቦ ያለውና በእጅ ሲዞር እንደ ጥርስ ቆም ቆም የሚለው ስቴፐር ነው፤ ሌላ ዓይነት ድራይቨር ስለሚፈልግና ቆሞም ከረንት ስለሚስብ ለመጀመሪያ ጎማ አይሆንም፤ አስቀምጠው። የሲዲ ማጫወቻው ትንሽ ሞተር ይፈጥናል እንጂ ጉልበት የለውም፤ ከማርሹ ጋር አብሮ ካልወጣ ጎማ በቀጥታ ቢገጠምበት ሮቦቷን አይነቀንቃትም። የተሰበረ የአሻንጉሊት መኪና ማርሽ ቤት ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ሞተሩም፣ ማርሹም፣ ዘንጉም ተስተካክለው ይገኛሉ።

ድራይቨሩን ለመምረጥ ሞተሩ ታንቆ ሲቆም ስንት አምፔር እንደሚስብ ማወቅ አለብህ፤ ይህንም ሳታንቀው መለካት ይቻላል። ሞተሩን ከማንኛውም ነገር ነቅለህ መልቲሜትሩን 200 ኦም ላይ አድርግ። የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፎች እርስ በርስ አገናኝተህ የሚያነበውን መዝግብ፤ 0.3 ኦም ሊሆን ይችላል። ከዚያ ጫፎቹን ሞተሩ ላይ አጥብቀህ ይዘህ ዘንጉን በትንሽ በትንሹ እያዞርክ ስድስት ሰባት ቦታ ላይ አንብብ፤ ከሁሉ ትንሹን ውሰድና የመጀመሪያውን ቀንስለት። 5.3 ካነበበና 0.3 ከቀነስክ 5 ኦም ነው። የባትሪህን ቮልት በዚህ ስታካፍል፣ ለ6 ቮልት 1.2 አምፔር ይመጣል፤ ቲቢ6612 በጭንቅ ይችለዋል። 2 ኦም ከሆነ ግን 3 አምፔር ነው፤ ያን ሞተር በትንሽ ድራይቨር ከምታቃጥልበት ሌላ ሞተር ፈልግ።

ፕሪንተሩን ስትፈታ ከግድግዳ ከነቀልከው በኋላም የኃይል ሣጥኑን አትክፈት። ውስጡ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ለተወሰነ ጊዜ ከፍተኛ ቮልት ይይዛል። ሣጥኑን እንደታሸገ ለይተህ አስቀምጥ፤ ለሮቦት የሚሆነው ሞተሩ፣ የብረት ዘንጎቹ፣ ማርሾቹ፣ ምንጮቹና ብሎኖቹ ናቸው።